ከመቶኛው በፊት ጥያቄውን፦ የሸማቾችን የዳሰሳ ጥናት አንብቦ የመረዳት ዝርዝር መመሪያ

«ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ሸማቾች ስለ ኑሯቸው ይሰጋሉ።» እንዲህ ያለ ርዕስ ስናይ ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ከራሳችን ስሜት ጋር ከገጠመ «እኔስ ምን አልኩ!» ብለን እናጋራዋለን። ካልገጠመ ደግሞ «ማንን ጠይቀው ነው? እኔን የጠየቀኝ የለም» ብለን እናልፈዋለን። በሁለቱም መንገድ ጥናቱ ሳይነበብ ይቀራል።

ይህ ያሳዝነኛል። በደንብ የተሠራ የዳሰሳ ጥናት ሌላ ምንጭ የማይነግረንን ነገር ይነግረናል። የባንክ መዝገብ ስንት ገንዘብ እንደወጣ ያሳያል፤ ሰውዬው ሲያወጣ እየፈራ እንደነበር ግን አያሳይም። የቴሌቪዥን መቁጠሪያ መሣሪያ ዜናው ስንት ቤት እንደተከፈተ ይመዘግባል፤ የሰሙት ሰዎች አምነውት እንደሆነ ግን አያውቅም። ያንን ለማወቅ ሰውን መጠየቅ ግድ ነው።

መጠየቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጠያቂው እንደሚሳሳት ሁሉ አንባቢውም ይሳሳታል። ስለዚህ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ አንድ መቶኛ ማለት የተወሰኑ ሰዎች፣ በተወሰነ ጊዜ፣ ለአንድ የተወሰነ ጥያቄ የሰጡት መልስ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን ተብሎ ተጠየቀ? እነዚህን ሳታውቁ ቁጥሩን አትጥቀሱ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከመጨረሻው ገጽ ጀምሩ

እኔ የጥናት ሪፖርት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምከፍተው መጨረሻውን ነው። የሚያማምሩት ሥዕሎች ፊት ላይ ናቸው፤ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ የሚያስረዳው ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። እዚያ የምትፈልጉት ይህን ነው፦ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ ሰዎቹ እንዴት ተመረጡ፣ በስልክ ነው በአካል ወይስ በኢንተርኔት፣ መቼ፣ ወጪውን የሸፈነው ማን ነው፣ የጥያቄው ትክክለኛ ቃልስ ምን ነበር።

አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ይህ ክፍል ጭራሹን ከሌለ እዚያው ላይ አቁሙ። ዘዴውን የሚደብቅ ጥናት ቁጥሩም አይታመንም።

ወጪውን የሸፈነው ድርጅት በውጤቱ የሚጠቀም ከሆነ ጥናቱ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ግን ጥያቄዎቹን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ምን እንደተጠየቀ ብቻ ሳይሆን ምን ሳይጠየቅ እንደቀረም አስቡ።

2. ቁጥሩ ከመብዛቱ በፊት ምርጫው

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ነው?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን «እንዴት ተመረጡ?» የሚለው ነው። ይህን በደንብ የሚያስተምር አንድ የቆየ ታሪክ አለ።

በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት በፕሬዝዳንታዊው ምርጫ ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት መለሱ። መጽሔቱም አልፍ ላንደን እንደሚያሸንፍ ተነበየ። የሆነው ተቃራኒው ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ አሸነፈ። ያኔ ገና ጀማሪ የነበረው ጆርጅ ጋሉፕ ከመጽሔቱ በእጅጉ ያነሱ ሰዎችን ጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናግሯል።

መጽሔቱ ምን ነካው? ስም ዝርዝሩን ከወሰደባቸው ቦታዎች ዋነኞቹ የስልክ ማውጫና የመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበሩ። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ሻል ያለ ኑሮ የነበረው ነው። በዚያ ላይ ጊዜ ወስዶ መልስ የላከው ሰው ካልላከው ይለያል። 2 ሚሊዮን መልስ ይህን ስህተት አላረመውም። የተዛባ ምርጫ ሰው በበዛ ቁጥር አይቃናም፤ ይልቁንም በተሳሳተው መልስ ላይ ያለንን እምነት ያጠነክራል።

በአንጻሩ ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ ብዙ አያስፈልግም። ለደም ምርመራ ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ሰውየው ግዙፍ ስለሆነ ተጨማሪ ደም አይቀዳለትም። እዚህም እንዲሁ ነው። 100 ሰው በዕጣ ቢጠየቅ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 መቶኛ ነጥብ ሊዛነፍ ይችላል። በ400 ሰው ወደ 5 ነጥብ ይወርዳል፣ በ1,000 ሰው ወደ 3፣ በ2,400 ሰው ወደ 2። ይህ የስህተት ህዳግ ይባላል። ጥናቱ በተመሳሳይ መንገድ 100 ጊዜ ቢደገም በ95ቱ ገደማ እውነተኛው ቁጥር በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። በራሳችሁ ለማስላት 100ን ለመላሾቹ ቁጥር ካሬ ሥር አካፍሉ። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ጥናት የሚያካሂደው አፍሮባሮሜትር በአንድ አገር 1,200 ወይም 2,400 ሰው የሚጠይቀው በዚህ ስሌት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 1,000 ሰው የተጠየቀበት ጥናት ስለ ወጣቶች ለብቻ ሲናገር ወጣቶቹ 150 ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ህዳጉ ወደ 8 ነጥብ ይሰፋል። «ወጣቶች ከአዛውንቶች በ6 ነጥብ ይበልጣሉ» የሚለው ዜና እንዲህ ባለ ጥናት ላይ ከቆመ ምንም አልተገኘም ማለት ነው።

የኢንተርኔት ጥናቶች ሲያጋጥሟችሁ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። አንዳንዶቹ ተሳታፊዎቻቸውን በዕጣ መርጠው የሚጋብዙ ናቸው። ሌሎቹ ግን የፈለገ ሁሉ ተመዝግቦ ለትንሽ ክፍያ የሚሞላቸው ናቸው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል የዚህኛውን ዓይነት ሲፈትሽ፣ ከ30 ዓመት በታች ካሉት መላሾች 12 በመቶው የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ የመንዳት ፈቃድ እንዳላቸው ተናግረዋል! ሳያነቡ ቶሎ ቶሎ የሚጫኑ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጥናት «ወጣቶች እንዲህ ያለ እንግዳ ነገር ያምናሉ» የሚል ውጤት ስታዩ ሰርጓጅ መርከቡን አስታውሱ።

የስልክ ጥናትም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለበት። በዚያው ማዕከል የስልክ ጥናቶች በ1997 ከሚደወልላቸው 36 በመቶው ይመልስ ነበር። በ2018 ይህ ወደ 6 በመቶ ወረደ። አጥኚዎች ይህን ለማካካስ መላሾቹን ያመዛዝናሉ። ለምሳሌ የተማሩ ሰዎች ከድርሻቸው በላይ ከመለሱ የእነሱ መልስ ክብደት ይቀነሳል፤ ያነሱት ይጨመርላቸዋል። ጥሩ ሪፖርት በምን በምን እንዳመዛዘነ በግልጽ ይጽፋል። በዕድሜና በጾታ ብቻ ከሆነ በቂ አይደለም፤ የትምህርት ደረጃም ቢገባበት ይመረጣል።

3. ጥያቄውን ቃል በቃል ፈልጉ

የሕዝብ አስተያየትን በተመለከተ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ይህ ነው። ዶናልድ ረግ የተባለ ተመራማሪ በ1941 ባሳተመው ሙከራ አንድ ሐሳብ በሁለት መልክ አስጠየቀ። ለአንደኛው ቡድን፣ ዴሞክራሲን የሚቃወሙ ንግግሮች በአደባባይ እንዲደረጉ «መፈቀድ አለበት ወይ?» ተባለ። 62 በመቶው አይፈቀድ አሉ። ለሌላው ቡድን «መከልከል አለበት ወይ?» ተባለ። ይከልከል ያሉት 46 በመቶ ብቻ ሆኑ። አለመፍቀድና መከልከል በተግባር አንድ ናቸው። በጆሮ ግን አንድ አይደሉም። «መከልከል» ይከብዳል፤ ሰው ይህን ቃል ከአፉ ለማውጣት ያመነታል።

እንግዲህ ሁለት ጋዜጦች ከዚህ ሙከራ ሁለት ተቃራኒ ርዕስ ሊያወጡ ይችሉ ነበር። ሁለቱም አልዋሹም። ለዚህ ነው ጥያቄውን ሳላይ መቶኛውን አልቀበልም የምለው።

ጥያቄውን ካገኛችሁ በኋላ እንዲህ ፈትሹት። በአንድ ጥያቄ ሁለት ነገር ተጠይቋል? «አገልግሎቱ ፈጣንና ርካሽ ነው?» ቢባል፣ ፈጣን ነው ግን ውድ ነው የሚል ሰው ምን ብሎ ይመልስ? «አላውቅም» የሚል አማራጭ ነበረ? ካልነበረ፣ አስቦበት የማያውቅ ሰው ሁሉ ሐሳብ እንዳለው ሆኖ ተቆጥሯል። ከጥያቄው በፊት ምን ተጠየቀ? ስለ ዋጋ ንረት አሥር ጥያቄ ከመለሰ በኋላ «በአጠቃላይ ሕይወትህ እንዴት ነው?» የተባለ ሰው መልሱን በምን ስሜት እንደሚሰጥ መገመት አያቅትም።

ጠያቂው ማን እንደሆነም ለውጥ ያመጣል። ፊት ለፊት ሲጠየቅ ሰው ራሱን ማሳመር ይፈልጋል። የሚያሳፍር ወይም የሚያስፈራ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ መላሹ ጠያቂውን የላከው አካል ማን መስሎታል የሚለውን ጭምር ማሰብ ያስፈልጋል። መንግሥት የላከው የመሰለው ሰው መልሱን ይመጥናል።

በመጨረሻም አስተያየቱ ምን ያህል የጠነከረ ነው? «እደግፋለሁ» ያሉት 60 በመቶ ሆነው «በጣም እደግፋለሁ» ያሉት ጥቂት ከሆኑ ሐሳቡ ነገ ሊቀየር ይችላል። ርዕሶች ሁለቱን አንድ ላይ ደምረው ስለሚያቀርቡ ዝርዝሩን ወርዳችሁ ከሠንጠረዡ ፈልጉ።

4. ስለ ገንዘብ የተሰጡ መልሶችን ስታነቡ

ሰው ገቢውን በትክክል አይናገርም። አንዳንዱ ይደብቃል፣ አንዳንዱ በእርግጥም አያውቀውም። ስለዚህ ጎበዝ አጥኚዎች ዙሪያውን ይጠይቃሉ። አፍሮባሮሜትር ባለፈው ዓመት ምግብ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መድኃኒት ወይም ሕክምና፣ የማብሰያ ነዳጅና ጥሬ ገንዘብ ምን ያህል ጊዜ እንዳጣችሁ ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ የሚገኘው መልስ ከገቢ ቁጥር ይልቅ ስለ ኑሮ የሚናገረው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ማጣትን ሰው አይረሳም።

በዜና ደጋግማችሁ የምትሰሙት ግን የሸማቾች ስሜት መለኪያ የሚባለውን ነው። ከሁሉም የሚታወቀው ጆርጅ ካቶና በ1940ዎቹ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው። አምስት ጥያቄ አለው፦ ከዓመት በፊት ከነበራችሁበት ኑሯችሁ ተሻለ ወይስ ባሰ፣ በሚቀጥለው ዓመትስ፣ የአገሪቱ ኢኮኖሚ በሚመጡት 12 ወራት እንዴት ይሆናል፣ በሚመጡት አምስት ዓመታትስ፣ ትልልቅ የቤት ዕቃ ለመግዛት ጊዜው ጥሩ ነው ወይ።

ስሌቱ ቀላል ነው። «ተሻለ» ካሉት ላይ «ባሰ» ያሉት ይቀነሳሉ፣ 100 ይደመራል። ከመቶ ሰው 30ው ተሻለ፣ 45ቱ ባሰ፣ 25ቱ ያው ነው ቢሉ ውጤቱ 85 ነው። የአምስቱ ድምር ከ1966 ደረጃ ጋር ይነጻጸራል፤ የዚያ ዓመት ደረጃ 100 ነው። ስለዚህ መለኪያው 50 ሆነ ሲባል ግማሹ ሕዝብ ማለት አይደለም! ይህን ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። ደግሞም «ያው ነው» ያሉት ስሌቱ ውስጥ ድምፅ የላቸውም። መለኪያው የሚነግረን ስሜቱ ወዴት እንደዞረ እንጂ ኑሮው የት ላይ እንዳለ አይደለም።

በሰኔ 2022 ይህ መለኪያ 50 ላይ ወርዶ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ። በዚያው ወር የአሜሪካ ሥራ አጥነት 3.6 በመቶ ብቻ ነበር። ሥራ ሞልቶ ሰው ለምን ይከፋል? የዋጋ ንረቱ 9.1 በመቶ ስለደረሰ ነው። ሥራ ማጣት የሚነካው ጥቂቱን ሰው ነው፤ የዋጋ ጭማሪ ግን የሁሉንም ቤት ያንኳኳል። ስሜቱ እውነት ነው፣ የሥራ አጥነቱ ቁጥርም እውነት ነው። የሚለኩት ነገር ይለያያል እንጂ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም።

አሁን ከዚህ መመሪያ ዋናው ነው ወደምለው ልምጣ። በየትኛውም ጥናት ውስጥ ስለ ራስ የተጠየቀውንና ስለ አገር የተጠየቀውን ለዩ። ከዚያ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌደራል ሪዘርቭ ከ2013 ጀምሮ በየዓመቱ ስለ ቤተሰብ ኑሮ ይጠይቃል። በ2023 ከአዋቂዎች 72 በመቶው የራሳቸው የገንዘብ ሁኔታ ደህና ወይም ከዚያ የተሻለ እንደሆነ ተናገሩ። የአገሪቱን ኢኮኖሚ ጥሩ ያሉት ግን 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ጥናቱም ያው ነው። ስለ ቤቱ የሚናገረው ከኪሱ ተነስቶ ነው። ስለ አገር የሚናገረው ግን ከሰማው ነገር ተነስቶ ነው፤ የፖለቲካ ወገንተኝነቱም ይገባበታል። በአሜሪካ ሥልጣን ከፓርቲ ወደ ፓርቲ ሲተላለፍ፣ የሁለቱ ፓርቲ ደጋፊዎች ስለ ኢኮኖሚው ያላቸው ስሜት ወዲያው ቦታ ይቀያየራል። በአንድ ወር ውስጥ የማንም ገቢ ግን ያን ያህል አልተቀየረም።

ከዚያው ጥናት አንድ ጥያቄ በየዓመቱ ርዕስ ይሆናል። 400 ዶላር ድንገተኛ ወጪ ቢገጥማችሁ በምን ትከፍላላችሁ? በ2023 በጥሬ ገንዘብ ወይም በሚቀጥለው ወር ሙሉ በሙሉ በሚከፍሉት ካርድ እንሸፍናለን ያሉት 63 በመቶ ናቸው። ብዙ ርዕሶች የቀሩት 37 በመቶ «400 ዶላር የላቸውም» ይላሉ። ጥያቄው ግን «አላችሁ ወይ?» አይልም፤ «እንዴት ትከፍላላችሁ?» ነው የሚለው። ገንዘቡ እያላቸው በካርድ ቀስ ብለው መክፈል የሚመርጡ አሉ። በምንም መንገድ መክፈል አንችልም ያሉት 13 በመቶ ነበሩ። 37 እና 13 የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ችግር ነው።

5. የሚዲያ ልማድ፦ ትዝታ አይታመንም

ሰው ስለ ሚዲያ ሲጠየቅ የሚናገረው ያደረገውን ሳይሆን ማድረግ ነበረብኝ የሚለውን ነው። ማርከስ ፕራየር የተባለ ተመራማሪ በ2009 ባሳተመው ጥናት ሰዎች የምሽት ዜና አያለሁ ያሉትን በመሣሪያ ከተቆጠረው ጋር አነጻጸረ። በአማካይ በሦስት እጥፍ አጋንነው ነበር። አልዋሹም። ዜና መከታተል ጥሩ ነገር ነው፤ ትዝታ ደግሞ ወደ ጥሩው ያደላል።

ስለዚህ የጥያቄውን ጊዜ ተመልከቱ። «ብዙውን ጊዜ በቀን ስንት ሰዓት?» የሚለው ደካማ ጥያቄ ነው። «ትናንት ዜና ከየት ሰማህ?» የሚለው ይሻላል። «ዋና የዜና ምንጭህ የቱ ነው?» እና «ባለፈው ሳምንት የቱን ተጠቀምክ?» የሚሉትም የተለያዩ ናቸው። ለመጀመሪያው አንድ መልስ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለሁለተኛው ብዙ መልስ ይቻላል፣ ድምሩም ከ100 ያልፋል። እነዚህን ደባልቆ ማወዳደር ራስን ማሳሳት ነው።

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሮይተርስ ተቋም ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ ስለ ዜና ልማድ ሰፊ ጥናት ያወጣል። በ2024 ሪፖርቱ 39 በመቶው አንዳንድ ጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ ሆን ብለው ዜና እንደሚሸሹ ተናግረዋል። በ2017 ይህ 29 በመቶ ነበር። ዜናን በአብዛኛው አምናለሁ ያሉት 40 በመቶ ናቸው። ጥናቱ የሚደረገው በኢንተርኔት ስለሆነ ኢንተርኔት የማይጠቀም ሰው እዚህ የለም። ሬዲዮ ብቻ የሚያዳምጠውን ሰው በዚህ ጥናት አትፈልጉት፤ ፊት ለፊት የሚጠይቁት ዘንድ ሂዱ።

ይኸው ተቋም ሰው በአጠቃላይ ዜናን ያምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ራሱ የሚከታተለውን ዜና ያምን እንደሆነም ጠይቆ ያውቃል። ሁለተኛው እምነት ከመጀመሪያው በልጧል። ከላይ ከገንዘቡ ጋር አያይዙት። የራሴ ኑሮ ደህና ነው፣ ኢኮኖሚው መጥፎ ነው። የኔን ዜና አምናለሁ፣ ዜና ግን አይታመንም። የቅርቡን በልምድ እንመዝናለን፣ የሩቁን በወሬ። ለዚህ ነው ስለ ሚዲያና ስለ ገንዘብ በአንድ መጠይቅ ላይ መጠየቁ ዋጋ ያለው፦ ሰውዬው ስለ ሩቁ የሚያወራውን ከየት እንደሰማው ያሳያል። ሪፖርቱ የዜና ምንጭንና የኢኮኖሚ አስተያየትን በአንድ ሠንጠረዥ ካቀረበ ከሁሉ በፊት እሱን ገጽ አንብቡ። ግን አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አትቸኩሉ። የከፋው ሰው መጥፎ ዜና ፈልጎ ሊሰማም ይችላል።

6. ካምናው ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት

አንድ ጥናት ብቻውን ከሚናገረው ይልቅ ያው ጥያቄ ለዓመታት ሲደጋገም የሚናገረው ይበልጣል። ያም ሆኖ ሁለት ነገር አረጋግጡ። ጥያቄው ቃሉ አልተቀየረም? የመጠየቂያው መንገድስ? ከላይ ያየነው የሚሺጋን ጥናት በ2024 ከስልክ ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ለጥቂት ወራት ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዷል። ይህን ያላደረገ ጥናት መንገድ ሲቀይር የመጣ ለውጥ የሰዉ ይሁን የመንገዱ አይታወቅም።

የሁለት ጥናቶች ልዩነት የራሱ ህዳግ አለው። እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ ካላቸው ልዩነታቸው ከ4 ነጥብ በላይ ካልሆነ ለውጥ አለ አትበሉ። ከ20 ወደ 25 በመቶ ማደግም 5 መቶኛ ነጥብ ነው፤ ወይም 25 በመቶ ጭማሪ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ማስደንገጥ የፈለገ ግን ትልቁን ይመርጣል።

7. በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

አንብባችሁ ስትጨርሱ ውጤቱን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ማን ጠየቀ፣ ማንን፣ መቼ፣ ምን ብሎ፣ ምን አሉ የሚሉት ሁሉ ይግቡበት። ለምሳሌ፦ «የአሜሪካ ፌደራል ሪዘርቭ በ2023 የ400 ዶላር ድንገተኛ ወጪ ቢገጥማቸው እንዴት እንደሚከፍሉ ከጠየቃቸው አዋቂዎች፣ 63 በመቶው በጥሬ ገንዘብ ወይም በሚቀጥለው ወር ሙሉ በሙሉ በሚከፍሉት ካርድ እንሸፍናለን አሉ።» ከርዕሱ ይረዝማል። ግን «የላቸውም» የሚል ቃል እንዳልገባበት ልብ በሉ። ከነዚህ አምስቱ አንዱን መሙላት ካቃታችሁ ወደ መጨረሻው ገጽ ተመለሱ። እዚያም ከሌለ ቁጥሩን ሳታጋሩ እለፉት።